በርሜል መቀየር ብሎን መፍታት አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከሠራዊት መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎችን በርሜል በገዛ እጅ ስለ መቀየር የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በመሣሪያ ወዳጆች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ ነው። ጸሐፊው ጠመንጃዎቹን እንደሚወዱ ያስታውቃል፤ አጻጻፋቸውም ግልጽ ነው። ችግሩ ምክሩ ላይ ነው። ያሉትን አንድ በአንድ የተከተለ ሰው ደህና ጠመንጃ ያበላሻል፤ ከዚያም አልፎ ዓይኑን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ነጥብ በነጥብ ልመልስላቸው ተነሣሁ።

ጽሑፉን ላላነበበ ሰው ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው። አንደኛ፣ ውስጡ የጠቆረ በርሜል ያለቀለት ስለሆነ ሌላ ምርመራ አያሻውም። ሁለተኛ፣ በርሜል በጥርስ የተጠመደ ብረት እንጂ ሌላ ስላልሆነ በሞርሳ ይዞ በቧንቧ መፍቻ ማላቀቅ ይቻላል፤ እምቢ ካለ በጋዝ እሳት ማሞቅ ነው። ሦስተኛ፣ አዲሱ በርሜል ከተገጠመ በኋላ ጥይት አጉርሶ መቀርቀሪያው ከተዘጋ ሥራው አለቀ፤ የሄድስፔስ መለኪያ፣ ማለትም በተዘጋ መቀርቀሪያ ፊት ለጥይቱ የተተወውን ርቀት የሚለካውን መሣሪያ፣ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። አራተኛ፣ በርሜሉ አዲስ ከሆነ ጠመንጃው አዲስ ነው፤ ስለዚህ የበለጠ ኃይል ላለው ጥይት የተሠራ በርሜል መምረጥ ብልህነት ነው። አምስተኛ፣ የወጣው በርሜል ቁርጥራጭ ብረት ነው፤ ይጣል።

የምስማማበትን አስቀድሜ ልናገር። አሮጌ ጠመንጃን በአዲስ በርሜል ማደስ ነውር አይደለም፤ ጸሐፊው ይህን ሲሉ ልክ ናቸው። ሠራዊቶች ራሳቸው ሲያደርጉት የኖሩት ነገር ነው። ፊንላንድ ከሩሲያ ተላቃ ነፃ ከወጣች በኋላ በእጇ የቀሩትንና በኋላም የማረከቻቸውን የሞሲን ናጋንት ጠመንጃዎች መሠረት አድርጋ የራሷን ሞዴሎች ሠርታለች። ከእነዚህ ውስጥ ኤም 39 የሚባለውን ብንወስድ፣ በርሜሉን ሳኮ የተባለው ፋብሪካና የመንግሥቱ የጠመንጃ ፋብሪካ አዲስ አድርገው ሠሩት እንጂ በርሜሉ የሚጠመድበትን ዋና አካል ፊንላንዶች አላመረቱም፤ ከሩሲያው ጠመንጃ ነው የወሰዱት። በ1890ዎቹ የተሠራ አካል በ1940ዎቹ በተሠራ በርሜል ላይ ተገጥሞ ይገኛል። እነዚህ ጠመንጃዎች ዛሬም በዒላማ ተኳሾች ዘንድ የተከበሩ ናቸው። ልዩነቱ፣ ያንን ሥራ የሠሩት ሰዎች በመለኪያ መሥራታቸው ነው። ጸሐፊው ውጤቱን አድንቀው ወደ ውጤቱ ያደረሰውን ሥራ ተዉት።

ከዚህ በኋላ ዋና አካል የምለው በርሜሉ ከፊቱ የሚጠመድበትን፣ መቀርቀሪያው በውስጡ የሚመላለስበትን ብረት ነው። መጉረሻ የምለው ደግሞ በበርሜሉ የኋላ ጫፍ ጥይቱ ገብቶ የሚቀመጥበትን ክፍል ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ። ጸሐፊው ከኋላ ብርሃን አብርቶ በአፈሙዝ በኩል ማየት ይበቃል፤ ውስጡ ከጠቆረ ፍርዱ ተሰጥቷል ይላሉ። ይህ ፍርድ ስንቱን ደህና በርሜል ያለ ጥፋቱ ያስወግዳል! ከመጋዘን የወጣ ጠመንጃ አብዛኛውን ጊዜ ዝገት እንዳይነካው በወፍራም ግራሶ ተለውሶ ለብዙ ዓመታት የተቀመጠ ነው። ያ ግራሶ ከባሩድ ጥላሸትና ከጥይቱ ልባስ ተፍቆ ከቀረ መዳብ ጋር አብሮ ሲደርቅ በብርሃን ሲታይ ጥቁርና ሻካራ ይመስላል። በመጀመሪያ ግራሶው ይሟሟ፤ ቀጥሎ ጥላሸቱ ይውጣ፤ ከዚያ መዳቡ አሞኒያ ባለው ማጽጃ ይጽዳ። መዳብ እስካለ ድረስ ጨርቁ ሰማያዊና አረንጓዴ ነገር ይዞ ይወጣል። የገባው ጨርቅ ነጭ እንደሆነ እስኪወጣ ድረስ ስለዚያ በርሜል ማንም ምንም ማለት አይችልም።

ጸድቶም ውስጡ ተቦርቡሮ ቢገኝ ቦርቧሪው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የድሮ ወታደራዊ ጥይቶች እሳት የምታስነሳው ካፕሱል ውስጥ ፖታሲየም ክሎሬት ነበረባቸው። ይህ ነገር ሲቃጠል ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባል ጨው ትቶ ያልፋል፤ ጨው ደግሞ ከአየር እርጥበት እየሳበ ብረቱን ይበላዋል። ጨው በዘይት አይሟሟም፤ የሚያሟሟው ውሃ ነው። ከተኩስ በኋላ በርሜሉን በዘይት ብቻ የወለወለ ወታደር ጨዉን ከዘይቱ ሥር ሸፍኖ አስቀመጠው ማለት ነው። ዛሬም ከመጋዘን የወጣ የድሮ ጥይት የሚተኩስ ሰው በርሜሉን መጀመሪያ በውሃ፣ ከዚያ በዘይት ማጽዳት አለበት። ጸሐፊው ይህን አንድም ቦታ አላነሡትም። ልማዱ ካልተቀየረ አዲሱም በርሜል ብዙ ሳይቆይ እንደ አሮጌው ይሆናል፤ ያኔ ሦስተኛ በርሜል ሊያስገዙን ነው?

ደግሞስ የተቦረቦረ በርሜል ሁሉ ዒላማ ይስታል ያለው ማን ነው? በውስጡ የተጠመዘዙት ቦዮች ጠርዛቸው እስካልሟሸሸ ድረስ ጉድጓድ ያለበት በርሜል በደንብ ሲመታ ይታያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለእንግሊዙ ሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 እና ለአሜሪካኑ ኤም 1903ኤ3 ሥራ ለማፋጠን ሁለት ቦይ ብቻ ያላቸው በርሜሎች ተሠርተዋል፤ ለውጊያም በቅተዋል። ስለዚህ በርሜል በመልኩ አይፈረድም።

ጠመንጃ ጥይቱን ሲበታትን ከበርሜሉ ውስጥ በፊት የሚጠየቁ ሌሎች አሉ። አንዱ የአፈሙዙ ጠርዝ ነው። ጥይቱ ከብረቱ የሚለየው እዚያ ላይ ስለሆነ ጠርዙ በአንድ ወገን ከተበላ ጥይቱ ሲወጣ ይገፈተራል። ወታደሮች ለዓመታት የማጽጃ ዘንግ በአፈሙዙ እያስገቡ ሲፍቁ የሚበላው ይህ ጠርዝ ነው። የሶቪየት ጥገና ፋብሪካዎች እንዲህ የሆኑ ሞሲን ናጋንቶችን በርሜል አልጣሉም፤ የተበላውን ጫፍ ከውስጥ ሰፋ አድርገው በመሰርሰር ጥይቱ ደህና ከሆነው ቦታ ላይ እንዲለቅ አደረጉ። ሌላው እንጨቱ ነው። ዋናውን አካል ከእንጨቱ ጋር የሚያስሩት ብሎኖች ከላሉ፣ ወይም እንጨቱ ደርቆ በርሜሉን በአንድ ጎን ከገፋው፣ አዲስ በርሜል ቢገጠምም ነገሩ ያው ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ሰው የሚስተው የጥይቱ ውፍረት ነው። ለዚህ ከጣሊያኑ ካርካኖ የተሻለ ምሳሌ የለም። 6.5 ሚሊ ሜትር ይባል እንጂ የሚወስደው ጥይት 0.268 ኢንች ገደማ ውፍረት አለው። በሌሎቹ 6.5 ጠመንጃዎች የተለመደው ግን 0.264 ኢንች ነው። ልዩነቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያ ግን ጥይቱ ቦዮቹን በደንብ ሳይነክስ እንዲወጣ ይበቃል። ባለቤቱ ወረቀቱ ላይ የተበታተነ ምልክት ያያል፤ በርሜሉ ጠቁሯል፤ የጸሐፊውን ምክር ያነብባል፤ ደህናውን በርሜል ያወጣል። ይህ ሁሉ ሳይሆን በፊት ለስላሳ የእርሳስ ቁራጭ በበርሜሉ ውስጥ በዘንግ ገፍቶ ማሳለፍና የወጣውን በማይክሮሜትር መለካት ነበረበት። የሊ ኤንፊልድ ቦዮች አብዛኛውን ጊዜ አምስት ስለሆኑ አንዱ ቦይ ከሌላው ቦይ ፊት ለፊት አይገጥምም፤ ተራ ልኬት ያሳስታል፤ እዚያ ላይ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ነው።

በእርግጥ የሚሞት በርሜል አለ። ከውስጡ በአንድ ቦታ የጨለማ ቀለበት የሚታይበት፣ ማለትም በተደፈነ በርሜል ተተኩሶ ያበጠ፤ የተሰነጠቀ፤ ከመጉረሻው ፊት ያለው የቦዮቹ መነሻ በሙቀት ተልጦ ያለቀ፤ በልኩ የሆነ ጥይት ተተኩሶበት እንኳ ወረቀቱን በጎኑ የሚቀድድ። እነዚህ ይቀየሩ። መጥቆር ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ሁለተኛው ነጥብ ስለ ማላቀቅ ነው። በርሜል በጥርስ የተጠመደ መሆኑ እውነት ነው። የጀርመኑን ማውዘር 98 ጠመንጃ ብንወስድ በአንድ ኢንች ውስጥ 12 ጥርስ አለው። የቧንቧ መፍቻ ግን ብረቱን የሚይዘው ነክሶ ነው፤ ያቆስለዋል። ከዚያ የከፋው፣ መፍቻው የተያዘበት ቦታ ነው። ዋናው አካል ጠንካራ የሆነው ከፊት፣ በርሜሉ በሚገባበት ቀለበት ላይ ነው። ከዚያ ኋላ ያለው ጥይት እንዲገባበት የተከፈተ ስስ ክፍል ነው፤ በዚያ በኩል የተጠመዘዘ እንደሆነ አካሉ ይጣመማል፤ አንዴ የተጣመመ አካል ደግሞ አይመለስም። ለዚህ ነው ባለሙያ በርሜሉን ዙሪያውን እኩል በሚጨብጥ ማሰሪያ ይዞ፣ ለዚያ ጠመንጃ በልኩ የተሠራ ቁልፍ የፊቱ ቀለበት ላይ ብቻ የሚያስረው።

የጋዝ እሳቱን ምክር ደግሞ ጨርሶ አልቀበለውም። የማውዘር 98 ዋና አካል ውስጡ ለስላሳ ሆኖ ላዩ ብቻ እንዲጠነክር ተደርጎ የተሠራ ብረት ነው። የመቀርቀሪያው ጆሮዎች፣ ማለትም ሲዘጋ ዋናው አካል ውስጥ ገብተው የሚቆልፉት ጉጦች፣ ተደግፈው የተኩሱን ግፊት የሚችሉት በዚያ ጠንካራ ላይኛ ገጽ ላይ ነው፤ ያ ቦታ ደግሞ በርሜሉ ከሚጠመድበት ጥርስ ጀርባ አጠገቡ ነው። በእሳት ሲሞቅ ጥንካሬው ይሄዳል፤ ዓይን ግን ምንም አያይም። ጠመንጃው ለጥቂት ጊዜ ይተኮሳል፤ ከዚያ ጆሮዎቹ የተደገፉበትን ብረት እየደፈጠጡ ወደ ኋላ ይሰምጣሉ።

እምቢ ላለ በርሜል የተሻለ መንገድ አለ። ኤዲስቶን በተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የተሠሩት ኤም 1917 ጠመንጃዎች በርሜላቸው እጅግ ተጠብቆ በመታሰሩ ሲፈቱ ዋናው አካል እየተሰነጠቀ አስቸግሯል። የባለሙያዎች መላ በርሜሉን ቶርኖ ላይ አስሮ፣ ከዋናው አካል ጋር በሚጋጠምበት ትከሻ ላይ ጎድጓዳ ቀለበት መቁረጥ ነው። ትከሻው ሲነሣ ጭንቀቱ ይላላል፤ በርሜሉም በቀላሉ ይፈታል። አሮጌው በርሜል ለማንኛውም የሚወገድ ከሆነ መሥዋዕት የሚሆነው እሱ ነው፤ ዋናው አካል አይደለም።

ጥርሱ ላይ ሳለን አንድ ስሌት ላስገባ፤ ለሚቀጥለው ነጥብ ይጠቅማል። በአንድ ኢንች 12 ጥርስ ያለው በርሜል አንድ ሙሉ ዙር ሲዞር 2.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይገባል። 0.15 ሚሊ ሜትር እንዲገባ 25 ዲግሪ ያህል ማዞር በቂ ነው፤ ትንሽ ጠበቅ ወይም ላላ እንደማድረግ ነው። ጸሐፊው እጅ እስኪያቅት ማጥበቅ ይበቃል ይላሉ። ማነጣጠሪያው አስቀድሞ የተበየደበት በርሜል ከሆነ በ25 ዲግሪ ሲያልፍ ማነጣጠሪያውም በ25 ዲግሪ ያዘነብላል። ማነጣጠሪያው ቀጥ እንዲል ወደ ኋላ ቢመልሱት ደግሞ በርሜሉ ሳይጠብቅ ይቀራል። ሁለቱም የሚስተካከሉት በቶርኖ ትከሻውን በመላጨት እንጂ በጉልበት አይደለም። ማውዘር 98 ላይ ደግሞ የበርሜሉ የኋላ ጫፍ በዋናው አካል ውስጥ ባለ ቀለበት ላይ ተጭኖ መቀመጥ ይኖርበታል፤ ይህም ልኬት ይጠይቃል።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ፤ ብዕሬን ያነሣሁትም በእሱ ምክንያት ነው።

ሄድስፔስ የሚባለው መቀርቀሪያው ተዘግቶ ሳለ ከመቀርቀሪያው ፊት አንሥቶ ጥይቱ ወደ ፊት እንዳይሄድ እስከሚያቆመው ቦታ ድረስ ያለው ርቀት ነው። ጠርዝ በሌለው ጥይት፣ እንደ 7.92×57 ወይም እንደ 30-06፣ የሚያቆመው የቀለሃው ትከሻ፣ ማለትም ቀለሃው ወደ አንገቱ የሚጠብብበት ቦታ ነው። ጠርዝ ባለው ጥይት፣ እንደ .303 ብሪቲሽ ወይም እንደ ሩሲያው 7.62×54፣ የሚያቆመው የቂጡ ጠርዝ ነው። ይህ ርቀት ካጠረ መቀርቀሪያው አይዘጋም። ከረዘመ ግን መቀርቀሪያው ያለ ምንም ችግር ይዘጋል፤ አደጋውም ይህ ነው።

የጸሐፊው ፈተና ጥይት አጉርሶ መቀርቀሪያው መዘጋቱን ማየት ነው። ይህ ፈተና የሚነግረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መጉረሻው አላጠረም። መርዘሙን አይነግረንም፤ ሊነግረንም አይችልም፤ መጉረሻው በረዘመ መጠን መቀርቀሪያው ይበልጥ በቀላሉ ስለሚዘጋ። በዚያ ላይ ጥይት ራሱ መለኪያ አይደለም። ከየፋብሪካው የሚወጣ ጥይት በየትኛውም ጠመንጃ እንዲገባ አጠር ተደርጎ ነው የሚሠራው፤ አንዱ ከሌላው ይለያያል። ገና ያልተፈተነ ጠመንጃ ውስጥ፣ በሥራ ጠረጴዛ ላይ፣ የሚተኮስ ጥይት አጉርሶ መቀርቀሪያ መዝጋት በራሱ ማንም አስተዋይ ጠጋኝ የማያደርገው ነገር ነው።

ለዚህ የተሠሩት ሦስት የብረት መለኪያዎች ናቸው፤ ጎ፣ ኖ ጎ እና ፊልድ ይባላሉ። በጎ ላይ መቀርቀሪያው መዘጋት አለበት። አዲስ በተገጠመ በርሜል በኖ ጎ ላይ መዘጋት የለበትም። ፊልድ ላይ ከተዘጋ ጠመንጃው ከነጭራሹ አይተኮስም። ለ30-06 ጥይት የጎ ልክ 1.940 ኢንች፣ የኖ ጎ 1.946፣ የፊልድ 1.950 ነው። ወደ ሚሊ ሜትር ስንለውጠው በጎና በኖ ጎ መካከል 0.15፣ በጎና በፊልድ መካከል 0.25 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀደም ሲል ያሰላነው 25 ዲግሪ እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። በጎና በኖ ጎ መካከል ያለው ልዩነት የሁለት የራስ ፀጉር ውፍረት ያህል ነው፤ ይህን በእጅ ስሜት እለየዋለሁ የሚል ሰው ራሱን ያታልላል።

ልዩነቱ እንዲህ ትንሽ ሆኖ ሳለ ለምን ያን ያህል ያስፈራል? ከመርፌው እንጀምር። መርፌው ካፕሱሏን ሲመታ ጥይቱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ባሩዱ ሲቀጣጠል ግፊቱ የቀለሃውን ስስ ግድግዳ አሳብጦ ከመጉረሻው ጋር ያጣብቀዋል። ቂጡ ግን ወፍራም ስለሆነ አያብጥም፤ ከኋላው ክፍተት ካገኘ መቀርቀሪያውን እስኪነካ ድረስ ወደ ኋላ ይገፋል። ፊቱ ተጣብቆ ቀርቷል፣ ኋላው እየሄደ ነው፤ በመካከል ያለው ናስ ይለጠጣል። ክፍተቱ ትንሽ ከሆነ ይሳሳል። ብዙ ከሆነ ይበጠሳል። ያኔ በ3,900 ባር አካባቢ የታመቀ ጋዝ በመቀርቀሪያው ዙሪያ ወደ ተኳሹ ፊት መውጫ ይፈልጋል።

ይህ ከመሆኑ በፊት ቀለሃው ራሱ ይናገራል። ተተኩሶ የወጣን ቀለሃ በብርሃን አጠገብ አዟዙሮ ማየት ነው። ከቂጡ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ወፍራሙ ናስ ወደ ስሱ በሚሸጋገርበት ቦታ ላይ፣ ዙሪያውን የከበበ የሚያበራ ቀጭን መስመር ካለ ናሱ ተለጥጧል። ቀጭን ሽቦ ጫፉን ቀልበስ አድርጎ በቀለሃው አፍ ማስገባትና ከውስጥ ግድግዳውን ከታች ወደ ላይ መፋቅ ነው። ደህና ቀለሃ ሽቦውን በልስላሴ ያሳልፈዋል። የተለጠጠ ቀለሃ ከውስጡ ቦይ አለው፤ የሽቦው ጫፍ እዚያ ላይ ሲደርስ ይይዛል። በጣት የሚሰማ ነገር ነው። ጠመንጃው ይህን እያሳየ ሳለ ሁለተኛ ጥይት ማጉረስ አይገባም።

አሠራሩ ላይ ደግሞ ጸሐፊው የዘለሏቸው ነገሮች አሉ። መለኪያው ከመግባቱ በፊት ከመቀርቀሪያው ውስጥ መርፌውና ስፕሪንጉ ይወጣሉ፤ ቀለሃ ጎታቹም ይነሣል። እነሱ ካሉ የሚሰማው የስፕሪንግ ግፊት እንጂ የመለኪያው አይደለም። መጉረሻውም የመቀርቀሪያውም ፊት መጽዳት አለባቸው፤ አንዲት የብረት ፍቅፋቂ ልኬቱን ታዛባለች። ከዚያ መቀርቀሪያው በሁለት ጣት፣ ሳይገፋ ይዘጋል። በጉልበት የሚዘጋ መቀርቀሪያ መለኪያውንም ጆሮዎቹንም ይጎዳል።

ለአሮጌ ጠመንጃዎች የሚሸጡ በርሜሎች ብዙዎቹ መጉረሻቸው ሆን ተብሎ አጠር ተደርጎ የተቆረጠ ነው፤ የመጨረሻውን ቁርጥ ለዚያ ጠመንጃ በልኩ ሠሪው ይጨርሰዋል። በሪመር፣ ማለትም መጉረሻን በልኩ በሚቆርጥ መሣሪያ፣ በመቁረጫ ዘይት፣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በማዞር፣ በየጊዜው አውጥቶ ፍቅፋቂውን በማጽዳትና በጎ እየለኩ ነው የሚሠራው። መቀርቀሪያው በጎ ላይ ገና መዘጋት ሲጀምር መቆም ነው። የተቆረጠ ብረት አይመለስም፤ እዚህ ላይ ችኩል እጅ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሳሳተው። መጨረሻው በኖ ጎ ይረጋገጣል። ጸሐፊው ይህንን በርሜል ገዝተው ቢሆን ኖሮ በእሳቸው ፈተና መቀርቀሪያው አይዘጋም ነበር፤ ያኔ በእሳቸው ምክር አንባቢው ምን ያደርግ ነበር? መቀርቀሪያውን መሞረድ?

ለሊ ኤንፊልድ ቁጥር 4 ደግሞ እንግሊዞች ሌላ መላ ነበራቸው። የመቀርቀሪያው ራስ ለብቻው የሚፈታ ሲሆን ከ0 እስከ 3 ቁጥር ባላቸው፣ ርዝመታቸው በጥቂቱ በሚለያይ ራሶች ይቀየር ነበር። የጦር ሜዳ ጠጋኝ ክፍተቱ ሲሰፋ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ራስ ይገጥማል፤ እንደገና ይለካል። አንድ ሠራዊት ይህን ሁሉ ቁጥር ለይቶ ያመረተው ልኬቱ ገንዘብ ማባከን ስለሆነ ነው? መለኪያ መግዛት የማይችል ሰው ሥራውን መለኪያ ላለው ባለሙያ ይስጥ። ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም።

አራተኛው ነጥብ፣ አዲስ በርሜል ማለት አዲስ ጠመንጃ ማለት ነው የሚለው። በርሜሉ የሚሸከመው የግፊቱን አንድ ክፍል ነው። ወደ ኋላ የሚመጣውን የሚሸከሙት መቀርቀሪያው፣ ጆሮዎቹና ዋናው አካል ናቸው፤ እነሱ ደግሞ አልተቀየሩም። በአውሮፓ የተኩስ መሣሪያ ፈተና ደንብ የ.303 ብሪቲሽ ከፍተኛ ግፊት 3,650 ባር ነው፤ የ7.92×57 3,900፤ የ.308 ዊንቸስተር 4,150። ግፊቱ ከበዛው ጥይት ወደ አነሰው መውረድ አንድ ነገር ነው። ግፊቱ ካነሰው ወደ በዛው መውጣት ግን አካሉ ለዚያ ተሠርቷል ወይ ብሎ መጠየቅን ግድ ይላል።

የአሜሪካኑ ስፕሪንግፊልድ 1903 የታወቀ ምሳሌ ነው። በስፕሪንግፊልድ ፋብሪካ የተሠሩት መለያ ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑ፣ በሮክ አይላንድ የተሠሩት ደግሞ ከ285,507 በታች የሆኑ ዋና አካሎች በእሳት ሲጠነክሩ ሙቀቱ የሚለካው በሠራተኛው ዓይን፣ በብረቱ ቀለም ነበር። ፀሐይ በጠነከረበት ቀን ብረቱ ካለበት ሙቀት ያነሰ መስሎ ይታያል፤ አንዳንዶቹ ከመጠን በላይ ሞቀው ተሰባሪ ሆኑ። በተኩስ ጊዜ የተፈረካከሱ አሉ። ለእንዲህ ዓይነቱ አካል የዓለም ምርጥ በርሜል ቢገጠምለት ተሰባሪነቱ አይለወጥም።

ጣሊያን በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከዚህ የባሰ አድርጋለች። ለጥቁር ባሩድ የተሠራውን የቬተርሊ ጠመንጃ በርሜል በውስጡ ሌላ ቱቦ አስገብታ ወደ 6.5 ሚሊ ሜትር ለወጠችው። በርሜሉ አዲስ ሆነ፤ መቀርቀሪያው ግን ያው የጥቁር ባሩድ ዘመን መቀርቀሪያ ነው። ጠመንጃ በቸገረበት ጦርነት የተደረገ ነገር ነው፤ ዛሬ የሚያውቁ ሰብሳቢዎች ያንን ጠመንጃ ግድግዳ ላይ ይሰቅሉታል እንጂ አይተኩሱትም።

ጸሐፊው እስራኤል የጀርመን ማውዘሮችን ወደ 7.62×51 (ከ.308 ዊንቸስተር ጋር የሚመሳሰለው የኔቶ ጥይት)፣ ኖርዌይም ወደ 30-06 መለወጧን ማስረጃ አድርገው ጠቅሰዋል። እውነት ነው። ሁለቱም ግን የለወጡት ማውዘር 98ን ነው። 98 ከዋናዎቹ ሁለት ጆሮዎች ሌላ ሦስተኛ የመጠባበቂያ ጆሮ አለው፤ ቀለሃ ቢቀደድ ጋዙን ወደ ጎን የሚያወጡ ቀዳዳዎችና ከተኳሹ ፊት የሚከለክል ሰፊ ቀለበት አለው። ከእሱ በፊት የነበሩት የ1893 እና የ1895 ማውዘሮች ያ ሦስተኛ ጆሮ የላቸውም፤ ጋዝ የመከላከል አቅማቸውም አነስተኛ ነው። ከሩቅ ሲታዩ መመሳሰላቸው ነው ሰውን የሚያሳስተው። ሕንድም በ1960ዎቹ ኢሻፖር 2ኤ የተባለውን ጠመንጃ በዚሁ 7.62×51 ስትሠራ የድሮ ጠመንጃ ላይ በርሜል ብቻ ቀይራ አልተወችም፤ ብረቱን አሻሽላ ሠራችው። ጸሐፊው ማውዘር የሚለውን ስም ይዘው ሁሉንም በአንድ ሚዛን ማስቀመጣቸው ትልቅ ስሕተት ነው።

በአውሮፓው ደንብ በሚተዳደሩ አገሮች በርሜሉ የተቀየረ ጠመንጃ ከመሸጡ በፊት ወደ መፈተኛ ቤት ይሄዳል፤ ለዚያ ጥይት ከተፈቀደው ከፍተኛ ግፊት 25 በመቶ በሚበልጥ ጥይት ይተኮሳል፤ ተመርምሮ ካለፈ ማኅተም ይመታበታል። እንዲህ ዓይነት ቤት በሌለበት ቦታም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ጊዜ ጠመንጃውን በማሰሪያ ላይ አስሮ፣ ከከለላ ጀርባ ሆኖ፣ በገመድ ቃታውን መሳብ የቆየ ልማድ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የመጀመሪያው ጥይት ከትከሻ ላይ ነው የሚተኮሰው።

ስለ አምስተኛው ነጥብ ብዙ የምለው የለኝም። አሮጌውን በርሜል አይጣሉት። የሠሪው ማኅተም፣ የተሠራበት ወርና ዓመት፣ የጥገና ፋብሪካው ምልክት ብዙውን ጊዜ በርሜሉ ላይ ነው ያለው፤ ያ ከጠፋ ጠመንጃው ከየት ተነሥቶ በየት እንዳለፈ የሚናገር ነገር ይጠፋል። መለያ ቁጥሩ ከዋናው አካል ጋር የሚገጥም ከሆነ ደግሞ ለሰብሳቢ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ሕግም አለበት። በእንግሊዝና በጀርመን በርሜል ራሱ እንደ መሣሪያ ፈቃድ የሚጠየቅበት አካል ነው፤ በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ግን እንደ መሣሪያ የሚቆጠረው ዋናው አካል ነው። ስለዚህ ቁርጥራጭ ብረት ብሎ መጣል በአንዱ አገር ምንም ላይሆን፣ በሌላው ወንጀል ሊሆን ይችላል። አዲስ በርሜል ከመታዘዙ በፊትም ያገሩ ሕግ ምን እንደሚል መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ ውስጥ ስለ ፈቃድ አንድ ቃል የለም።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የሚያርሙ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቀርቶ፣ በሦስተኛው ነጥብ ላይ ያለውን አንቀጽ አንሥተው በቦታው የጎ እና የኖ ጎ መለኪያ አጠቃቀምን ይጻፉበት። የጋዝ እሳቱንም መስመር አብረው ያውጡት። አንቀጹ እስኪታረም ድረስ በምክሩ መሠረት በርሜል የቀየረ አንባቢ ካለ ጠመንጃውን አይተኩስ፤ በኖ ጎ ያስለካው፤ እስካሁን የተኮሳቸውን ቀለሃዎች ካልጣላቸው ደግሞ ዛሬውኑ ቀልበስ ባለ ሽቦ ይፈትሻቸው።